የአፀደ ጤና አዳም

መጋቢት 28 ቀን 2010

ይህን ደብተር የሰጠችኝ አስተማሪዬ ናት። በቀን አምስት የኖርዌይኛ ቃል ጻፊበት ብላኝ ነበር። ሁለት ቀን ጻፍኩ። ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ነው የምጽፍበት። የሒሳብ መጽሐፍ ልባስ አልብሼዋለሁ፤ በዚህ ቤት የእኔን ሒሳብ ከፍቶ የሚያይ የለም። እዚህ 2018 ነው ይላሉ። እኔ በእኛ እቆጥራለሁ።

እዚህ ኖርዌይ፣ ፕሪንስዳል ከመጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ። አባቴ አበጋዝ አውቶቡስ ይነዳል። ትቶኝ ሲሄድ አራት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ስድስት ነኝ። እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ አገር ቤት፣ ሐይቅ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ፤ ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ የአክስቴን ልጆች አሳድግ ነበር። የአባቴ ሚስት አፀደ የጉለሌ ልጅ ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ልጃቸው ኤሊ አራት ዓመቱ ነው። እኔ የምተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው።

የመጣሁ ዕለት እትዬ አፀደ አልኳት። “እትዬ አትበይኝ፤ አላረጀሁም” አለች። ሌላ ስም ስላልሰጠችኝ ምንም አልላትም። ስፈልጋት ሄጄ ፊቷ እቆማለሁ።

ከሶፋው በላይ ባለው መስኮት ላይ ጤና አዳም አላት፤ በነጭ የቀለም ባልዲ ተተክሎ። ፍሬውን ከአገር በመሐረብ ቋጥራ ካመጣችው ሰባት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ታናግረዋለች። ለእሱ ድምፅዋ ይለሰልሳል። ዛሬ መስኮቱን ልከፍት ስጠጋ ከወጥ ቤት ሆና፣ አባቴ ቁርስ እየበላ፣ “አንቺ ልጅ፣ የወር አበባሽ ላይ ነሽ?” አለችኝ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከነካችው ይደርቃል ብላ ነው። አፀደ ራሷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ ያለውን ባዕድ አምልኮ ነው ስትል ሰምቻታለሁ። ለጤና አዳሙ ሲሆን አይደለም።

አባቴ ቀና ሳይል ዳቦውን ቆረጠ። እኔም መስኮቱን ሳልከፍት ተመለስኩ።

ከመስኮቱ ውጭ ግቢ አለ ይላሉ። እኔ ያየሁት በረዶ ብቻ ነው።


ሚያዝያ 3

በረዶው ከግድግዳው በኩል መሸሽ ጀምሯል። ሣሩ እርጥብ ጆንያ ይመስላል። ከበረዶው ሥር የወጡት፦ የኤሊ አንድ ጓንት፣ የሞተች ትንሽ ወፍ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ።

ማንኪያውን የጣልሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። በረዶው ሲጥል ገና መድረሴ ነበር፤ ውጭ ወጥቼ የበላሁበት ቀን የለም። ማንኪያውን አጠብኩት።


ሚያዝያ 6

ጋሽ ግዛው ከሃውገሩድ መጡ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በወር አንዴ ለምሳ ይመጣሉ። የሚያወሩት ሁልጊዜ ያንኑ ነው፤ ባርነቨርን፣ የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ሐበሻ ቤት ልጆች ወሰደ የሚባለውን። ማን እንደሆነ ስሙን አይናገሩም። ባለፈው ልጆቹ ሁለት ነበሩ። ዛሬ ሦስት ሆነዋል።

“ጋሽ ግዛው፣ የሚመጣው ወር አራት ሊሞሉ ነው” አለ አባቴ። እሳቸውም ሳቁ።

አፀደ አልሳቀችም። ኤሊን ወደ ጭኗ ስባ ፀጉሩን ታሻሸው ጀመር። “ኤሊን ከሚወስዱብኝ ይቺን ዓይኔን ያውጧት” አለች።

እኔ ሳህን እሰበስብ ነበር። ስለ እኔ የተባለ ነገር የለም።


ሚያዝያ 9

ከቆሻሻ ሣጥኑ አጠገብ ቢጫ አበባ ወጣ። ቅጠል የለውም፤ መጀመሪያ አበባው ነው የወጣው። ኤሊ “ሄስተሆቭ” አለኝ፤ ባርነሃገው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ አስተምረውታል። ምን እንዳስቸኮለው እንጃ። ዙሪያው ገና በረዶ ነው።


ሚያዝያ 17

አፀደ ቅጠል መቧጨሪያ ሰጥታኝ ግቢውን እያጸዳሁ ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ትንሽ ተከፍቷል። አባቴና አፀደ ከቤቱ ኋላ ያለሁ መስሏቸዋል።

እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፤ አልሰማሁትም። እሷን ሰማኋት።

“ስንጋባ አንድ ነገር ደብቀኸኛል። እሱ አሁን ሳሎኔ ውስጥ ተኝቷል።”

የሰማሁትን ይኸውና ጻፍኩት። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ቅጠሉን በሦስት ጆንያ ሞላሁት። ከሥሩ ሹል ሹል ያሉ ቀያይ ነገሮች አፈሩን ሰንጥቀው ወጥተዋል፤ እንደ ሕፃን ቡጢ የተጨማደዱ። ራባርብራ ነው አለችኝ ፎቅ ላይ የምትኖረው አሮጊት። ግንዱ በስኳር ተቀቅሎ ይበላል፤ ቅጠሉ ግን መርዝ ነው አለች። ቤቱም ግቢውም የአሮጊቷ ነው፤ እኛ ምድር ቤቱን ተከራይተን ነው። በረንዳዋ ላይ ቡና ይዛ ቁጭ ብላ ግቢውን ስታይ ትውላለች።


ሚያዝያ 22

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ! ጎመኑን አወጣሁት። አፀደ መስኮት ላይ በእንቁላል ካርቶን ያፈላችው ነው፤ ጥላ ውስጥ ቀጥኖ ያሳዝን ነበር። ሳልጠይቃት ነው ያወጣሁት። ደስ ይላታል ብዬ አይደለም።


ሚያዝያ 23

ጎመኑ በሙሉ ሞቷል። የተቀቀለ ይመስላል። ሌሊት ውርጭ ወርዶ ነበር።

“ፀሐይ ስታዪ ያገርሽ መሰለሽ?” አለችኝ። “የዚህ አገር ፀሐይ ለዓይን ነው።” አሮጊቷም ከላይ ሆና ከሜይ አሥራ ሰባት በፊት ምንም ችግኝ ወደ ውጭ አይወጣም አለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ አድርጋ። አፀደ አፈረች። እኔ አሳፈርኳት ማለት ነው። ካርቶኑን አራት ጊዜ አጣጥፋ ጣለችው፤ ለጎመን።

እኔም ሐይቅ ብሆን እንዲህ አልሳሳትም ነበር። እዚያ ሰማዩ አይዋሽም።


ግንቦት 1

በርች የሚሉት ዛፍ ቅጠል አወጣ። እዚህ የአይጥ ጆሮ ይሉታል፤ እውነትም የአይጥ ጆሮ ያክላል። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ያየሁት ማታ ስመለስ አድጎ ነው የማገኘው። ይህ አገር ስድስት ወር ተኝቶ በሁለት ሳምንት ሁሉንም ሊሠራ ይሮጣል።

በደቡብ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር መሬት ቆፈርን። አፀደ መቆፈር አትችልም። አካፋውን እንደ መጥረጊያ ነው የምትይዘው። ተቀብያት ቆፈርኩ፤ ሥሩን አራገፍኩ፤ ጓሉን ሰበርኩ። ቆማ አየችኝና “ይኼንንስ ትችያለሽ” አለች።

ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅሁም። እስከ ማታ አሰብኩበት።

ጤና አዳሙን ከባልዲው አውጥታ እዚያ ተከለችው። ማታ ማታ ከውርጭ በባልዲው ትከድነዋለች። እኔን አላስነካችኝም።


ግንቦት 9

ዛሬ ሜይ አሥራ ሰባት ነው፤ የእነሱ በዓል። ከተማው ሁሉ ባንዲራ ይዟል። አባቴ ሥራ ነው። አፀደ ኤሊን አልብሳ ወደ ሰልፉ ይዛው ሄደች። ትመጫለሽ ወይ አላለችኝም፤ “ድንቹን ጨርሺ” ነው ያለችኝ።

ጨረስኩ። ካሮቱንም ዘራሁ፤ አዲስ ጎመንም። ያልታዘዝኩትንም ጠርዝ ቆፈርኩ። ምሳ አልበላሁም። ሲመለሱ ሁሉም አልቆ እንዲጠብቃት ፈልጌ ነበር፤ እንዲያናድዳት።

አሁን ራሴን ይፈልጠኛል። ይበርደኛል። ፀሐዩ ለዓይን ብቻ አልነበረም።


ግንቦት 10

ትኩሳት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባቴ በጠዋት ወጥቷል፤ ኤሊ ባርነሃገ።

አፀደ ወደ ሥራ ልትሄድ ኮቷን ለብሳ ነበር። ከበሩ ተመልሳ አየችኝ። ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካች። “ምች ነው የመታሽ። በባዶ ሆድ ፀሐይ ላይ ተገትረሽ ዋልሽ አይደል” አለች። ዳማከሴ እዚህ ከየት ይመጣል። ኮቷን ሳታወልቅ ወጣች፤ በመስኮት አየኋት። ከጤና አዳሙ ቀነጠበች። አንድ ሁለት ቅጠል አይደለም፤ እፍኝ ሙሉ። ለእንግዳ እንኳ ቆርጣ ስትሰጥ አይቻት አላውቅም።

በመዳፏ አሸችው፤ አረንጓዴ ውኃ በጣቶቿ መሀል ወረደ። አንገቴን ቀባችኝ። እጅጌዬን ሰብስባ ቀኝ ክንዴን አሸችኝ። ቀኙን ጨብጣ ያዘችውና ትንሽ ቆየች፤ ሰዓቷን እያየች ይመስለኛል። እጇ ሸካራ ነው፤ የመጦሪያው ሳሙና በልቶታል። ቢሆንም ይሞቃል።

“አትታጠቢው። ዛሬ ፀሐይ እንዳትወጪ። ሰማሽ?”

እጇን ታጥባ ሄደች። አውቶቡሱ አልፏት ይሆናል።

ቀትር ላይ ቀለለኝ። ትንሽ ወጣሁ። ጎመኑ ውኃ ይፈልጋል።


ግንቦት 12

ክንዴ ቀልቷል፤ ያቃጥላል። አንገቴም ትንሽ። ሹራብ ለበስኩ። ፀሐይ አትውጪ ተብዬ ስለነበረ ማንም እንዲያይ አልፈለግሁም። ትንሽ ያልኩት ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ነበር፤ በአጭር እጅጌ።


ግንቦት 13

ውኃ ቋጥሯል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በመስታወት አየሁት። የእጅ ቅርጽ ነው፤ አራት ጣት በውጭ በኩል፣ አውራ ጣቱ በውስጥ። የአፀደ እጅ።


ግንቦት 14

ትምህርት ቤት። ከሃያ አምስት ዲግሪ በላይ ነው፤ ሁሉም በቲሸርት፣ እኔ በሹራብ። አስተማሪዬ ሹራቡን አውልቂ አለችኝ። እንቢ አልኩ። እጅጌው ክንዴ ላይ ተጣብቆ እርጥበቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር፤ አየችው። ወደ ሄልሰሶስተሯ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ወሰደችኝ።

ነርሷ በቀስታ አላቀቀችው። ከዚያ የራሷን እጅ ሳታስነካኝ ከቁስሉ በላይ ዘረጋች፤ ጣት በጣት ገጠመ።

በስልክ አስተርጓሚ ጠራች። ወንድ ነው። ድምፁ ከአፀደ ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ድምፅ መሰለኝ። እዚህ ሐበሻው ጥቂት ነው፤ ለነርሷ ያልኩት እሑድ ቤታችን ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው ያሳጠርኩት። ለሌላ አይደለም።

“እዚህ ላይ የያዘሽ ማን ነው?” አለ ስልኩ።

“አፀደ” አልኩ።

“ተቆጥታ ነበር?”

አሰብኩ። ያን ቀን አልተቆጣችም። ከመጣሁ ጀምሮ ያልተቆጣችበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

“ሁልጊዜ ትቆጣለች” አልኩ።

ነርሷ ጻፈች። ቤት ውስጥ ሌላ ትንሽ ልጅ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት።

አልዋሸሁም። የተጠየቅሁትን ነው የመለስኩት።


ግንቦት 15

ሁለት ሰዎች መጡ፤ ከባርነቨርን፤ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት። በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ትሑት ናቸው። አፀደ ለዕረፍት ቀኗ በሻሽ ፀጉሯን አስራ ነበር፤ ማን እንደሆኑ ሲነግሯት ሻሹን አወለቀችው።

ሴትዮዋ ክንዴን እንዳሳይ ጠየቀችኝ። አሳየሁ። አፀደ የዚያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየችው። ክንዴን አየች፤ ቀጥላ እጇን ከፍታ መዳፏን አየች።

“ጤና አዳሙ ነው” አለች። በአማርኛ፤ ለእኔ ነው ያለችው። ከዚያ በኖርዌይኛ ነገረቻቸው፤ ቅጠል፣ መድኃኒት፣ ከአገር የመጣ። አባቴም አገዛት። በመስኮት አሳየቻቸው። ወጣቱ ሁሉንም ጻፈ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። እንደሚሉት ነው ወይ አለችኝ፤ በቀላል ኖርዌይኛ፤ ገብቶኛል።

ሁሉም እኔን አዩ። እዚህ ቤት ሁሉም እኔን ያዩበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

“አላውቅም” አልኩ።

ሐኪም እስኪያየኝና ነገሩ እስኪጣራ አፀደ ሌላ ቦታ ብትቆይ፣ እኔና ኤሊ ከአባታችን ጋር ብንሆን ይሻላል አሉ። ካልሆነ ግን ልጆቹን ነው ሌላ ቦታ የምናቆየው አሉ። ልጆቹ ሲሉ እኔንም ጨምረው ነው።

አፀደ አልጮኸችም። በሰማያዊ የገበያ ከረጢት ልብሷን ከተተች። ኤሊን ከባርነሃገ አባቴ እንዲያመጣው፣ ማታ ወተቱን ሞቅ አድርጎ እንዲሰጠው፣ ሲያጥበው ጆሮውን እንዳይነካበት ነገረችው። በበሩ ስታልፍ እኔ ከኮቱ መስቀያ አጠገብ ነበርኩ። ፈቀቅ ማለት ነበረብኝ። ክንዴን እንዳትነካ ኮቷን ሰብስባ አለፈች።

ወደ ሃውገሩድ፣ ጋሽ ግዛው ቤት ሄደች። አሁን ለሚመጣው ወር ጋሽ ግዛው ስም ያለው ወሬ አላቸው።

አላውቅም ማለት ውሸት አይደለም።


ግንቦት 17

አባቴ ፈቃድ ወስዷል። ፓስታ ይቀቅላል። ወደ ሐኪም ወሰደኝ፤ ሐኪሙ የቃጠሎ ዓይነት ነው፣ ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት አላውቅም፣ የቆዳ ሐኪም ይየው አለ። እሱም አላውቅም አለ።

መኪና ውስጥ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። “ነክታሻለች?”

“ነክታኛለች” አልኩት።

መሪውን አዙሮ ወደ ቤት ነዳ። እኔ ግን እሱን ምን ልበለው? አሥራ ሁለት ዓመት ሳይጠይቀኝ ኖሮ የጠየቀኝ ይህን ነው።


ግንቦት 18

ቤቱ ፀጥ ብሏል። የተመኘሁት ይኸው። ማንም አንቺ ልጅ አይለኝም።

ግቢው አብዷል። የፖም ዛፉ በአበባ ነጭ ሆኗል፤ ራባርብራው እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ በአጥሩ ጥግ የማላውቀው አረም በአንድ ሌሊት ክንድ ይረዝማል። ዝናብ ግን የለም። አሮጊቷ ከላይ ሆና እንዲህ ያለ ሜይ በሕይወቴ አላየሁም አለች። ድንቹ ወጥቷል። ከማንም በላይ የለመለመው ጤና አዳሙ ነው፤ አፀደ በቀነጠበችው በኩል ሁለት እጥፍ አቆጥቁጧል። ማታ በባልዲ የሚከድነው የለም። በብርዱም አልሞተም።

ኤሊ ሌሊት አልጋው ላይ ሸና። ልብሱን ልቀይርለት ስል “ናይ፣ ናይ፣ ማማ” አለ፤ እንቢ፣ እናቴን ማለቱ ነው። አባቴ ነው የቀየረለት።


ግንቦት 19

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

አባቴ ተኝቶ ነበር። እኔ ካሮቱን አረም እነቅል ነበር። ኤሊ ዝም ሲል ዞር አልኩ። ጤና አዳሙ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን እየገነጠለ ጉንጩ ላይ ያሸዋል። ከወገቡ በላይ እርቃኑን ነው፤ በቁምጣ ብቻ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው። “ማማ ማማ ይሸታል” ይላል፤ ግማሹን በኖርዌይኛ።

ሮጬ ክንዱን ጨብጬ አነሳሁት። በአንድ እጄ። እየጎተትኩ ወደ ቤት አስገባሁት፤ ጮኸ፤ ጫማው ወደቀ። መታጠቢያ ቤት በሳሙና ፊቱን፣ ደረቱን፣ እጁን ደጋግሜ አጠብኩት። ዓይኑ ውስጥ ሳሙና ገባ። እየጮኸ “አትምቺኝ” አለኝ። አልመታሁትም።

መጋረጃውን ዘግቼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ክንዱን አየሁ። አራት ቀይ የጣት ምልክት። የእኔ።

ውጭ ስወጣ አሮጊቷ በረንዳዋ ላይ ቆማለች። ሁሉንም አይታለች። የማውቀውን ኖርዌይኛ ሁሉ ረሳሁት። ቅጠሉን እያሳየሁ “ያቃጥላል፣ ያቃጥላል፣ ፀሐይ” አልኳት። ከኖርዌይኛው ይህ ቃል ብቻ ወጣልኝ። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አምናኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያቃጥላል። ከአፌ የወጣው ይህ ነው። እንዴት አወቅሁ?

ግንቦት 13 መስታወት ፊት የቆምኩ ዕለት ከጣቶቹ ቅርጽ በታች ሌላም ምልክት አይቼ ነበር። ከክርኔ ወደ አንጓዬ የወረደ ቀጭን መስመር፣ ጫፉ ላይ ጠብታ። ጣት እንደዚያ አይወርድም። ጭማቂው የወረደበት ነው። የዚያን ዕለት አይቼዋለሁ። ያልጻፍኩት ስለገባኝ ነው።

ነርሷ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ሴትዮዋ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። አባቴ መኪና ውስጥ ሲጠይቀኝ አውቅ ነበር።

የኤሊ ምልክት በግማሽ ሰዓት ጠፋ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት።


ግንቦት 20

ብነግራቸው አያምኑኝም። አንዴ አላውቅም ብያለሁ። አባቷ አስጠንቷት ነው ይላሉ፤ እኔም ብሆን እንዲያ እላለሁ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጤና አዳሙ እፍኝ ቀነጠብኩ። የወር አበባዬ ላይ ነኝ፤ ይድረቅ ከፈለገ። በቀኝ መዳፌ አሽቼ ግራ ክንዴን ጨበጥኩ፤ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ቀኝ እጄን ታጠብኩ። ከግድግዳው ጋር ተደግፌ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ።

ድንቹ ውስጥ አንድ ንብ ነበረች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። አያቃጥልም፤ ሲሆን አይታወቅም። ሰው ሲይዘኝ የነበረውን ያህል አይሞቅም።


ግንቦት 22

ቀላ፤ ማታ ውኃ ቋጠረ። አምስቱም ጣት ይለያል። እንደዚህ ቁስል አይቼ የተደሰትኩበት ቀን የለም።


ግንቦት 23

ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ። ሁለቱንም ክንድ አሳየኋት። ቀኙን አፀደ ናት አልኩ፤ ግራውን እኔ ነኝ። በኖርዌይኛ። እጄን በራሴ ቁስል ላይ አሳረፍኩ፤ ገጠመ። ከዚያ ቅጠሉን ከላስቲክ አወጣሁ። ልትነካው ስትል ጓንት አድርጊ አልኳት።

ለምን ያን ጊዜ አልነገርሽንም አለችኝ። ለዚህ ኖርዌይኛ የለኝም። በአማርኛም የለኝም።

ፎቶ አነሳች። ደወለች። የሆነ ቦታ ያለ ሐኪም ቅጠሉን በስሙ አወቀው፤ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል አለ፤ እጅ እጅ እየመሰለ ሰው ያሳስታል አለ። ስለዚህ አፀደ ፀሐይ አትውጪ ማለቷ ትክክል ነበር። ይህንንም ነገርኳት። እሱንም ጻፈችው።


ግንቦት 27

ተመልሳለች። ሰማያዊውን ከረጢት ይዛ። ኤሊ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ለረጅም ጊዜ አልወርድ አለ። የባርነቨርኗ ሴትዮ ትናንት ይቅርታ ጠይቃታለች፤ እኔንም ከሌላ ሰው ጋር ልታገናኘኝ ትፈልጋለች፤ የማወራው ካለኝ።

አፀደ ከመቀመጧ በፊት ጓንት አድርጋ፣ የወጥ ቤት መቀስ ይዛ ወጣች። ጤና አዳሙን ከሥሩ ቆረጠችው። ሰባት ዓመት። አላናገረችውም። በጥቁር ላስቲክ አስራ ቆሻሻ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ስትመለስ ቆመች።

“አማርኛ የሚተረጉም ሰው ነበረልሽ” አለች። “አንድ ቃል ነበር ከአንቺ የሚፈለገው።”

“ምን ብዬ?”

“አሸችኝ ብለሽ።”

ጠበቀች፤ እውነት ጠበቀች። ግራ ክንዴን አየች፤ በፋሻ የታሰረውን። ለምን እንዳደረግሁት ነግረዋታል።

“ሞኝ” አለች፤ ገባች።


ሰኔ 3

ሳህን ስትሰጠኝ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እጇን ታነሳለች፤ ከዚያ እወስዳለሁ። ሻይም እንደዚያው። ኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ ቆማ ታሳልፈኛለች። ጋሽ ግዛው መጥተው በአንገታቸው ሰላም አሉኝ፤ እጃቸውን ኪስ ከተው። ስለ ባርነቨርን ምንም አላወሩም። ኤሊ ብቻ ነው የሚነካኝ፤ እሱም ሲፈልግ።

አባቴ ለሳሎኑ መጋረጃ ገዝቶ መጣ፤ ሶፋዬን የሚከልል። ሲሰቅል አፀደ ወንበሩን ያዘችለት። “ዝቅ አድርገው፤ ስትተኛ ራሷ ይታያል” አለችው።


ሰኔ 10

ዝናብ የለም። ሣሩ ተመልሶ ቢጫ ሆነ፤ አሮጊቷ ሁሉም ነገር ዘንድሮ ተገለባበጠ ትላለች። በየማታው በባልዲ አጠጣለሁ፤ ነጩ የቀለም ባልዲ ነው። የተቆረጠው ጤና አዳም ሥሩ ላይ ሦስት ነጥብ አረንጓዴ አውጥቷል። አፀደ አላየችውም፤ ወደዚያ በኩል አትሄድም። ለማንም አልተናገርኩም። ውኃ ሳጠጣ ትንሽ ይደርሰዋል።

ቁስሉ ሽሯል። ምልክቱ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። ነርሷ በመከር ወራት ሁሉም ይጠፋል፣ አትጨነቂ አለችኝ። አልተጨነቅሁም።

የግራው መደብዘዝ ጀምሯል፤ የራሴ ስለሆነ ቢጠፋም ግድ የለኝም። ዛሬ ገላዬን ስታጠብ የቀኙን ቆጠርኩ፤ አራቱም ጣት አሉ፤ አውራ ጣቷ ብቻ ሳስታለች። ያንን ክንዴን በሳሙና አላሸውም። ውኃ ብቻ አፈስበታለሁ።